ክፍት ሶፍትዌር በጎንደር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ጎንደር ላይ ክፍት ሶፍትዌር ይዘው ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት፣ ከፎቶ ኮፒ ቤት ፎቶ ኮፒ ቤት የሚዞሩ ልጆች አሉ። አብዛኞቹ ተማሪዎች ናቸው፤ ቴክኒሽያንም መምህርም አለበት። ደመወዝ የለውም። ኪሳቸው ውስጥ ፍላሽ አለ፣ ፍላሹ ላይ ሊኑክስ ተጭኗል፤ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒውተሩን የሚያንቀሳቅስ፣ ግን ክፍት የሆነ ሲስተም ነው። እኔም አንዱ ነኝ።

ክፍት ሶፍትዌር የምንለው ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ፕሮግራም ነው። ማንም ሊጠቀምበት፣ ሊመረምረው፣ ሊያሻሽለውና ለሌላ ሊያካፍለው ከነፈቃዱ ይሰጣል። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ይህን ሐሳብ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የተባለውን፣ ክፍት የሆነ ሙሉ የኮምፒውተር ሲስተም የመሥራት ፕሮጀክት አስታወቀ። እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሊኑክስን ይዞ ብቅ አለ። ዛሬ ኡቡንቱ፣ ዴቢያን፣ ሚንት እያልን የምንጭናቸው የሊኑክስ ዓይነቶች ሁሉ ከእነዚህ ሁለት ሥራዎች የወጡ ናቸው።

በሄድንበት ሁሉ ተመሳሳይ ነገር እንሰማለን። ከፊሉን የሚሉት የሚያስተናግዱን ሰዎች ናቸው። ከፊሉን ደግሞ የምንለው እኛው በጎ ፈቃደኞቹ ነን፤ ይበልጥ የሚያሳስበኝ ይሄኛው ነው።

«የእኔም ዊንዶውስ እኮ በነጻ ነው የተጫነልኝ»

እውነት ነው፣ ብዙው ላፕቶፕ ላይ ያለው ዊንዶውስ ክራክ ነው። ጫኙ የሚያስከፍለው ለድካሙ ነው፤ ለማይክሮሶፍት የሚደርስ ነገር የለም። ግን ክራክና ክፍት ሶፍትዌር ለየቅል ናቸው። ክራክ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የተሰበረ ነው። ክፍት ሶፍትዌር ባለቤቱ ራሱ «ውሰዱ፣ አባዙ» ያለው ነው። በአገራችንም የኮምፒውተር ፕሮግራም ልክ እንደ መጽሐፍ በቅጅ መብት ሕግ ይጠበቃል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ማየት ይቻላል።

ሕግ ጠቅሶ ሰው ማስፈራራት ግን አልወድም። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ክራኩን ማን እንደሰበረው፣ ሲሰብረውም ምን እንደጨመረበት አይታወቅም። ብዙ ጫኞች ደግሞ ክራኩ እንዳይነቃበት አፕዴቱን ይዘጉታል። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ ዓለምን ሲያተራምስ፣ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የሚደፍነውን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሊሆነው ነበር። በዋናነት የተመታው አፕዴት ያላደረገው ነው።

«ሊኑክስ ላይ አማርኛ አይሠራም»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ፎቶ ኮፒ ቤት ለሚጽፉ ልጆች ይህ የእንጀራ ጉዳይ ነው፤ ስጋታቸውም ከባዶ የመጣ አይደለም።

ማራኪ አካባቢ አንዲት ጸሐፊ የድሮ የውል ፋይል ሊኑክስ ላይ ከፈተችልኝ። አንድም የአማርኛ ፊደል የለበትም። ከላይ እስከ ታች የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ነው። «አየህ ወንድምዓለም፣ አላልኩህም?» አለችኝ።

ጥፋቱ ግን የሊኑክስ አይደለም። ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን የኮምፒውተር ቁጥር የሚሰጥ ዩኒኮድ የሚባል መስፈርት አለ፤ የግዕዝ ፊደል እዚያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት የአማርኛ ፎንቶች የላቲን ፊደላትን ቦታ ይዘው ነው የሚሠሩት። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው ላቲን መጻፉን ነው፤ አማርኛ አስመስሎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር ላይ፣ ዊንዶውስም ይሁን፣ የሚወጣው ያው ዝብርቅርቅ ነው። መፍትሔው ፋይሉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ይህ ደግሞ ዊንዶውስ ላይ ብትቆይም የማይቀርላት ሥራ ነው።

በዩኒኮድ የተጻፈ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ኖቶ ኢትዮፒክ እና አቢሲኒካ የሚባሉት ፎንቶች ራሳቸው ክፍት ፈቃድ አላቸው፤ በየኮምፒውተሩ ማባዛት ይቻላል። ለመጻፍ ደግሞ አይባስ በሚባለው መተየቢያ ውስጥ «ሴራ» የሚለውን የአማርኛ አማራጭ መጨመር ነው። ኤስና ኢን አከታትላችሁ ስትመቱ «ሰ» ይወጣል። አንዳንዱ ፊደል ከለመዳችሁት ቁልፍ ስለሚለይ ጣት እስኪለምድ ሰው ይበሳጫል። ይህን አስቀድሞ መናገር ነው።

ከቁልፉ የባሰ ራስ ምታት የሚሆነው ግን ኒያላ ነው። ስንቱ የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ በኒያላ ተጽፏል! ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ስለሆነ ሊኑክስ ላይ የለም። ሊኑክስ ላይ ደብዳቤ የምንጽፍበት ሊብሬኦፊስ ሌላ ፎንት ይተካበታል፣ መስመሩ ይንሸራተታል፣ አንድ ገጽ የነበረው ደብዳቤ ሁለት ይሆናል። ፊርማና ማኅተም የሚያርፍበት ቦታ ሲዛባ ደግሞ ተወቃሿ ጸሐፊዋ ናት። ስለዚህ ገና በመጀመሪያው ቀን «የሚላክ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይላክ፣ አዲስ የሚጀመር ሁሉ በአቢሲኒካ ወይም በኖቶ ይጀመር» እንላለን። የሊብሬኦፊስን ምናሌ ራሱን ወደ አማርኛ መቀየርም ይቻላል። ይህን ሳሳያቸው ብዙዎች ይገረማሉ።

«ይሄ የኮምፒውተር ተማሪዎች ነገር ነው»

ፊልም የምታዩት በምንድን ነው? በቪኤልሲ ከሆነ ክፍት ሶፍትዌር እየተጠቀማችሁ ነው። ፓሪስ አጠገብ እ.ኤ.አ. በ1996 በተማሪዎች የተጀመረ ሥራ ነው። ፋየርፎክስ የተባለው ብሮውዘርም ክፍት ነው። አንድሮይድ ስልክ ከሥሩ የሊኑክስ ከርነል፣ ማለትም የሲስተሙ እምብርት፣ አለው። ስልኩ ላይ ያለው የቴሌግራም መተግበሪያም ኮዱ ክፍት ነው፤ ሰርቨሩ ግን አይደለም። አዘዞ ቁጭ ብለው የጥምቀትን ቪዲዮ በስልክ የሚያዩ እናት ሊኑክስን ከተዋወቁ ቆይተዋል።

«ያልተከፈለበት ነገር ጥራት የለውም»

በዓለም ላይ ካሉት 500 ፈጣን ሱፐርኮምፒውተሮች ሁሉም፣ እ.ኤ.አ. ከኖቬምበር 2017 ጀምሮ፣ የሚሠሩት በሊኑክስ ነው። ግን ሱፐርኮምፒውተር ለእኛ ሩቅ ነው። የቅርቡን ልናገር።

ጎንደር የጤና ከተማ ናት። ዩኒቨርሲቲውም በ1947 ዓ.ም. ሲመሠረት የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ነው የጀመረው። እና የጤና ጣቢያ ሪፖርት በምን ይላካል? የጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት ዲኤችአይኤስ 2 በኖርዌይ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ሶፍትዌር ነው። ቤት ለቤት መጠይቅ የሚሰበስቡ ልጆች ታብሌት ላይ የሚያውቁት ኦዲኬ ወይም ኮቦም ክፍት ነው። ለመመረቂያ ጽሑፉ ኤስፒኤስኤስ የተባለውን የስታቲስቲክስ ፕሮግራም በክራክ የሚፈልግ የጤና ተማሪ፣ መረጃውን የሰበሰበው በክፍት ሶፍትዌር መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም።

«ታዲያ ማን ይከፍላል?» ይባላል። ኩባንያዎች ይከፍላሉ። ለጥገና፣ ለሥልጠና፣ ለድጋፍ። ሬድ ሃት የተባለው የሊኑክስ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2019 በአይቢኤም የተገዛው በ34 ቢሊዮን ዶላር ነው።

ክፍት የሆነ ሁሉ ጥሩ ነው እያልኩ ግን አይደለም። አንድ ሰው ጀምሮት የተወው ፕሮግራም ሞልቷል። ከመጫናችሁ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደታደሰ ተመልከቱ።

«ኢንተርኔት በሌለበት ምን ይሠራልናል?»

ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦብን ስለነበር፣ ይህን የሚጠይቅ ሰው ከልቡ ነው የሚጠይቀው። መልሱ ግን ከሚጠበቀው ተቃራኒ ነው። ኔት ለሌለው ሰው ክፍት ሶፍትዌር ይበልጥ ይመቻል። ከጎረቤት እርሾ እንደመውሰድ ነው፦ የሰጠው አይጎድልበትም፣ የወሰደውም ነገ ለሌላ ይሰጣል። አንዱ አዲስ አበባ ደርሶ ያወረደውን ጎንደር አራዳ ያለው በፍላሽ ይገለብጣል። የአክቲቬሽን ቁልፍ የለም፣ «መጀመሪያ ኢንተርኔት ይገናኙ» የሚል ነገር የለም። ዴቢያን በሺህ የሚቆጠሩ ፕሮግራሞችን ያለ ኔት መጫን እንዲቻል በዲስክ ምስል አዘጋጅቶ ያቀርባል።

እኔ በተለይ የምወደው ኪዊክስን ነው። ዊኪፒዲያን ሙሉ በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ያስነብባል። የእንግሊዝኛው ከነሥዕሉ 100 ጊጋባይት አካባቢ ነው፤ ሥዕል የሌለው በጣም ያንሳል። የአማርኛው ተራ ፍላሽ ላይ ይገባል። የትምህርት ቤት የኮምፒውተር ላብ ውስጥ አንዱን ኮምፒውተር ኪዊክስ ጭናችሁበት ሌሎቹን በኬብል ብታገናኙ፣ ክፍሉ በሙሉ አንድ ሳንቲም ዳታ ሳያወጣ ያነባል። ኮሊብሪም አለ፤ ቪዲዮና መልመጃ የያዘ፣ በዚሁ መንገድ የሚሠራ የትምህርት ፕሮግራም ነው።

የማይካደው ችግር የደኅንነት አፕዴት ነው፤ ኔት ይፈልጋል። ላቡን የተረከበ መምህር አልፎ አልፎ ኔት ወዳለበት የሚወስድ ወይም አፕዴቱን በዲስክ የሚያመጣ ሰው ያስፈልገዋል። ያ ሰው ማን እንደሆነ ሊኑክሱ ከመጫኑ በፊት መታወቅ አለበት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ። ቀጥለው ያሉት ከበጎ ፈቃደኛ አፍ የሚወጡ ናቸው።

«ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም»

ይህ አባባል ከየት እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተማሪው ጽሑፉን ሊያሳትም ፍላሹን ፎቶ ኮፒ ቤት ይሰካል። ቤቱ ሲመለስ ፎልደሮቹ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል። ፍላሹን ሊኑክስ ላይ ስትሰኩት ሾርትከቶቹ ምንም ማድረግ አይችሉም። ከጎናቸው ዊንዶውስ ላይ የማይታይ አንድ ፎልደር አለ፤ ብዙ ጊዜ ስም እንኳ የለውም። ስትከፍቱት «ተበላ» የተባለው ጽሑፍ ከነምዕራፉ እዚያ ተቀምጧል። ቫይረሱ ደብቆት ነበር እንጂ አላጠፋውም። ያኔ የልጁ ፊት እንዴት እንደሚበራ! በዚያ ደስታ መሃል ነው ከእኛ አንዱ «ሊኑክስ እኮ ቫይረስ የለውም» የሚለው።

ስህተት ነው። ያ ቫይረስ ለዊንዶውስ ስለተሠራ ነው ሊኑክስ ላይ ያልሠራው። ለሊኑክስ የሚሠሩም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2024 የሆነውን ማወቅ ይበቃል። ኤክስዜድ የተባለች፣ ፋይል የምታምቅ፣ በየሊኑክሱ ያለች መሣሪያ ውስጥ አንድ ሰው ሆን ብሎ የጓሮ በር፣ ማለትም በድብቅ ከርቀት መግቢያ፣ ከተተባት። ሰውየው በጎ ፈቃደኛ መስሎ፣ ለዓመታት እያገዘ፣ አመኔታ አግኝቶ ነው እዚያ የደረሰው። ያጋለጠው አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ የማይክሮሶፍት መሐንዲስ ነው። ከርቀት ወደ ኮምፒውተሩ ሲገባ ግማሽ ሰከንድ ያህል መዘግየቱ አላስቻለው አለና ምክንያቱን ሲፈልግ አገኘው። ኮዱ ክፍት መሆኑ መርምሮ ለመያዝ ረድቷል። አደጋው እንዳይመጣ ግን አላገደም። ለሰው የምንነግረው ሁለቱንም ነው።

«ያረጀ ኮምፒውተር ሁሉ በሊኑክስ ይነሳል»

ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕና አዲስ ፕሮሰሰር ስለሚጠይቅ ብዙ ደህና ላፕቶፕ ከውጭ ቀርቷል። ለእነዚህ ሊኑክስ ትክክለኛ መፍትሔ ነው። 4 ጊጋ ራም ካለው ቀለል ያሉት የኡቡንቱ ዓይነቶች፣ ዙቡንቱ ወይም ሉቡንቱ፣ ደህና ይሄዳሉ። 2 ጊጋ ላይ ግን ሲስተሙ ቢነሳም ብሮውዘር ሲከፈት ያንቃል፤ ከባዱ ዛሬ ድረ ገጹ ነው። ሃርድ ዲስኩ የደከመ ማሽን ደግሞ ሶፍትዌር ቢቀያየርለት አይድንም። አንዳንዴ ቀናው ምክር «ኤስኤስዲ የሚባለውን ፈጣን ዲስክ ግዛ» ነው።

«ዊንዶውስን ካላስጣልን አልሠራንም»

ከሁሉም የሚከፋኝ ይህ ነው። ሰው ሥራው ላይ ነው። የሒሳብ ባለሙያው ፒችትሪ ላይ ነው፣ መሐንዲሱ አውቶካድ ላይ ነው፤ ሁለቱም ሊኑክስ ላይ እንደ ልብ አይሠሩም። እነሱን ሊኑክስ ላይ መግፋት በማግስቱ ሥራ ማስፈታት ነው። ሊብሬኦፊስ፣ ቪኤልሲ፣ ፋየርፎክስ፣ እንዲሁም አር እና ጃሞቪ የተባሉት የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ዊንዶውስ ላይም ይሠራሉ። የስታቲስቲክስ ተማሪን ከክራክ ኤስፒኤስኤስ ወደ ጃሞቪ ማሻገር ብቻውን ትልቅ ሥራ ነው፤ ዊንዶውሱን መንካት አያስፈልግም።

መሞከር የሚፈልግ ካለ ሳይጫን ከፍላሽ ላይ ማስነሳት ይቻላል። ለመጫን ከወሰነ መጀመሪያ ፋይሉ ሌላ ቦታ ይገልበጥ። ይህን ደግሜ ደጋግሜ ነው የምለው፦ ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት ባለቤቱ ራሱ ፋይሎቹን ከፍቶ «አዎ፣ ሁሉም አለ» ይበል። የልጁ የልደት ፎቶ የጠፋበት ሰው ስለ ሶፍትዌር ነጻነት ሊሰማችሁ አይፈልግም፤ እውነቱን ነው።

«ኮድ የማይጽፍ አያግዝም»

በየዓመቱ የሶፍትዌር ነጻነት ቀን የሚባል አለ። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ የሚከበር ሲሆን በተለምዶ በሴፕቴምበር ሦስተኛው ቅዳሜ ይውላል። በእኛ አቆጣጠር በእንቁጣጣሽና በመስቀል መካከል መሆኑ ነው። በዚያ ቀን ከሚያስፈልገው ሥራ አብዛኛው ኮድ አይነካም። ጥሩ አማርኛ የሚጽፍ ሰው የጎደሉ የምናሌ ትርጉሞችን ይሞላል። ጸሐፊ የሆነች አዲሱን መተየቢያ ሞክራ የትኛው ፊደል እንዳስቸገራት ትነግረናለች። መምህር ባለ አንድ ገጽ መመሪያ ያዘጋጃል።

ችግር ማሳወቅም ራሱ እገዛ ነው። «አይሠራም» ብቻ ከሆነ ግን ማንም ሊጠግነው አይችልም። የፕሮግራሙን ስምና ቁጥር፣ ምን እንደተነካ፣ ምን ይጠበቅ እንደነበርና ምን እንደወጣ ጻፉ፤ ስክሪኑን ፎቶ አንሱ። እንግሊዝኛ የከበደው በአማርኛ ጽፎ ይስጠን፤ ተርጉመን ለሠሪዎቹ የምናደርሰው እኛ ነን።