በልጅ ስም የሚነገር ተረት ምንድን ነው?

«ተረት ተረት» እላለሁ። «የላም በረት» ትላለች ልጄ፣ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና። «ከዕለታት አንድ ቀን ብርሃን የምትባል ልጅ ነበረች…» ስል ግን ቀና ትላለች። ብርሃን እሷ ናታ!

በልጅ ስም የሚነገር ተረት ማለት ይኸው ነው። ባለታሪኩ ራሱ የሚያዳምጠው ልጅ ይሆናል። ስሙ፣ ሰፈሩ፣ ታናሽ እህቱ፣ ጆሮው የተገነጠለ አሻንጉሊቱ ሳይቀር ታሪኩ ውስጥ ይገባሉ። በቃል ሊነገር ይችላል። የልጁ ስም ታትሞበት በመጽሐፍ የሚመጣም አለ። አሁን ደግሞ ስምና ዕድሜ ሲሰጡት በደቂቃ ውስጥ ተረት የሚጽፍ የስልክ አፕ ሞልቷል።

ስም ለምን እንዲህ ይይዛል? ልጅ አፉን ሳይፈታ ስሙን ስለሚያውቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የወጣ አንድ ጥናት ሕፃናት በ4 ወር ተኩል ዕድሜያቸው የራሳቸውን ስም ከሌላ ስም እንደሚለዩ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የእንግሊዝ አገር ጥናት ደግሞ ትንንሽ ልጆች ስለ ራሳቸው በተጻፈ ገጽ ላይ ያገኙትን አዲስ ቃል የበለጠ ይዘው እንደሚቀሩ አግኝቷል። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ነበሩ፤ ነገሩ ግን ቤቴ ከማየው ጋር ይገጥማል።

በአማርኛ ሲሆን ሥራው ከባድ ነው። «አበበ ተነሳ፣ ጫማውን አደረገ፣ ወደ ውሻው ሄደ» የሚለውን ተረት ለሰላም ልንገራት ብል፣ «ሰላም ተነሳች፣ ጫማዋን አደረገች፣ ወደ ውሻዋ ሄደች» ልል ነው። ሳይነካ የቀረው «ወደ» ብቻ ነው። ስለዚህ ባዶ ቦታ ትቶ ስም መሙላት አያዋጣም፤ ተረቱ ለወንድና ለሴት ለየብቻ መጻፍ አለበት። አፕ የጻፈውን ከማንበባችሁ በፊት አንዴ በዓይናችሁ እለፉት። ሴቷን ልጅ መሃል ላይ «ሄደ» ካላት፣ ልጅቷ «ማነው የሄደው?» ትላለች። እውነቷን ነው።

በሌላ በኩል አማርኛ የሚሰጠን ጸጋ አለ። ስሞቻችን ትርጉም አላቸው። «መብራት ጠፋ። ሰፈሩ ሁሉ ጨለመ። ቤት ውስጥ ግን ብርሃን ነበረች» ብዬ አንድ ማታ ስጀምር፣ ልጄ ነገሩ እስኪገባት ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሳቀች። ለሳምንት ያህል «መብራት የጠፋበትን ንገሪኝ» ስትለኝ ነበር። ተስፋዬ፣ ሰላም፣ ደስታ፣ ፀሐይ የሚባል ልጅ ያላችሁ ተረቱ ግማሹ እጃችሁ ላይ ነው።

ለቀረው ግማሽ የልጁን ውሎ ተበደሩ። ዛሬ መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ማን ጋር ተጣላ? ምሳ ዕቃውን የት ረሳው? የታተመ መጽሐፍ ስሙን ያውቃል፤ ማልቀሱን አያውቅም። በእኔ እምነት የዚህ ተረት ትልቁ ነገር እዚህ ጋ ነው። ልጁ ቀን ያልተናገረውን ማታ በተረት ውስጥ ሲሰማው «እኔም እኮ እንደዚህ ሆኜ ነበር» ብሎ ይጀምራል። ያኔ ተረቱን ማቆምና እሱን መስማት ነው።

አንድ የማልስማማበት ልማድ አለ። ልጁን በስሙ ጠርቶ አያ ጅቦ ሊበላው መጣ ማለት። በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ያለ ጅብ ያስደስታል፤ በራሱ ስም ሲመጣበት ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላ አልጋው ሥር ይገባል። እንደ እመት ጦጢት ብልጥ ሆኖ የሚያመልጠው ልጁ ይሁን።

ሁልጊዜም ስለ እሱ ብቻ አይሁን። ስለዚህ ዓይነት መጽሐፍ ያጠኑ ተመራማሪዎች ልጆች ሲነበብላቸው ስለ ራሳቸው አብዝተው እንደሚያወሩ አስተውለዋል። ሌላውን ሰው የሚያዩበት ተረትም ያስፈልጋቸዋል። እኛ ቤት አንድ ማታ የብርሃን ከሆነ፣ በማግሥቱ የጥንቸል ወይም የማታውቀው ልጅ ነው።

የትኛውም ተረት ይሁን፣ ልጁ አፍ እንዲኖረው አድርጉ። እ.ኤ.አ. በ1988 ኒው ዮርክ ውስጥ የሥነ ልቦና ተመራማሪው ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ የ2 ዓመት ገደማ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ቀላል ነገር አስተማሩ። እያነበባችሁ ጠይቁ፤ ልጁ ሲመልስ መልሱን ትንሽ አስረዝማችሁ መልሱለት። «ውሻ» ካለ፣ «አዎ፣ ትልቅ ጥቁር ውሻ» እንደ ማለት። ከ1 ወር በኋላ እነዚያ ልጆች እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች በንግግር በጣም ቀድመው ተገኙ። የእኛ ተረት እኮ ገና ሲጀመር ለልጁ ተራ ይሰጠዋል፤ «የላም በረት» ሳይል አይጀመርም። እኛ የሚቀረን መሃሉ ላይም «ከዚያስ?» ብለን መጠበቅ ነው።

ውጭ አገር ለሚያድጉ ልጆች ይህ ተረት አማርኛ የሚሰሙበት ጥሩ ሰዓትም ነው። ችግሩ ሰዓቱ ራሱ ነው። በጋ ላይ ዋሽንግተን ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ አያት ተኝተዋል። አንዳንድ ቤተሰብ አያት ቀን ላይ ተረቱን በስልክ ቀድተው በቴሌግራም እንዲልኩ ያደርጋል። የልጁን ስም በአያት ድምፅ መስማት ምን እንደሆነ መናገር አይቻልም። እንደዚህ ከቀዳችሁ አያትን አንድ ነገር አደራ በሏቸው። «ተረት ተረት» ካሉ በኋላ ትንሽ ዝም ይበሉ። ልጁ «የላም በረት» የሚልበት ጊዜ ይተዉለት።