በታደሰ አሮጌ መኪና ላይ የእሽቅድድም መስመር መቀባት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በደሴና በኮምቦልቻ ለዓመታት የቆመ ቮልስ ወይም ፊያት 600 አስነሥቶ የሚያድስ ሰው ጥቂት አይደለም። ዝገቱ ተቆርጦ፣ ላሜራው ተቀጥቅጦና ሞተሩ ተበትኖ ከተገጠመ በኋላ ባለቤቱ ከቀቢው የሚጠይቀው የመጨረሻ ነገር ብዙ ጊዜ ከኮፈኖው ጀምሮ በጣሪያው ላይ እስከ ኋላ የሚዘልቅ የእሽቅድድም መስመር ነው። ሥራው ቀላል ስለሚመስል ለመጨረሻው ሳምንት ይተዋል፤ የወራት ድካም የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚሁ ላይ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው አመለካከቶች ከባለቤቶችም ከቀቢዎችም አፍ የሚሰሙ ናቸው። ዓመታቱ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

«መስመሩ ለጌጥ ብቻ የመጣ ነው»

መስመሩ የመጣው ለመለያ ነው። ከ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አንሥቶ በዓለም አቀፍ ውድድር እያንዳንዱ አገር የራሱ ቀለም ነበረው፤ ፈረንሳይ በሰማያዊ፣ እንግሊዝ በአረንጓዴ፣ ጣሊያን በቀይ፣ ጀርመን በነጭ በኋላም በብርማ ቀለም ይታወቁ ነበር። የአሜሪካ ድርሻ ነጭና ሰማያዊ ነበር፤ በ1951 አሜሪካዊው የእሽቅድድም ቡድን ባለቤት ብሪግስ ከኒንግሃም በፈረንሳይ ለማን ከተማ በሚካሄደው የ24 ሰዓት ውድድር ላይ ያሰለፋቸው ነጭ መኪኖች በመሃላቸው ሰማያዊ መስመር ነበራቸው፤ ዛሬ የምናውቀው ድርብ መስመር ስሙን ያተረፈውም ከዚያ ወዲህ ነው። በ1965 የወጣው የአሜሪካ ስፖርት መኪና ሼልቢ ጂቲ 350 ነጭ ሆኖ ሰማያዊ መስመር የያዘው ያንኑ ወግ ተከትሎ ነው። ስለዚህ የመስመሩ ቀለምም ሆነ ቦታው ትርጉም ነበረው፤ ከሩቅ የቆመ ተመልካችና የሰዓት መዝጋቢ ማን እንዳለፈ የሚለይበት ምልክት ነበር።

«መሃል ለመሃል የተሰመረ ድርብ መስመር ለማንኛውም አሮጌ መኪና ትክክለኛ ነው»

ይህ ከሁሉም የሰፋ ስሕተት ነው። በ1964 የወጣው ሬኖ 8 ጎርዲኒ ሰማያዊ ሆኖ ሁለት ነጭ መስመሮች አሉት፤ መስመሮቹ ግን ከመሃል ወጥተው ወደ ሾፌሩ በኩል ያደሉ ናቸው። ጎርዲኒን መሃል ለመሃል ያሰመረ ቀቢ ሥራው የቱንም ያህል የጠራ ቢሆን መኪናውን አሳስቶታል። ፋብሪካው በ1973 ለእሽቅድድም መልክ ያወጣውና 3,500 ብቻ የተመረተው ቢጫ ቮልስ ደግሞ ድርብ መስመር የለውም፤ የፊትና የኋላ ኮፈኖው ነው ጥቁር የተቀባው።

ለእኛ አካባቢ መንገድ የሚቀርበው የምሥራቅ አፍሪካው የሳፋሪ ራሊ ነው። በ1962 ቮልስ፣ በ1963 ደግሞ ፔጆ 404 አሸንፈውበታል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ያሸነፉት ቀይ ዳትሰኖች ኮፈኗቸው የማያብለጨልጭ ጥቁር ነበር፤ ምክንያቱም የፀሐይ ነጸብራቅ የሾፌሩን ዐይን እንዳይወጋ ነው። ፔጆውን «በሳፋሪ መልክ» ማሳደስ የሚፈልግ ሰው የአሜሪካን ድርብ መስመር ቢያሰምርበት ሁለት የማይተዋወቁ ታሪኮችን አጋብቷል ማለት ነው።

እንግዲህ ባለቤቱ «ትክክለኛውን መስመር» ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው የየትኛውን ዓመትና የየትኛውን ሞዴል እንደሆነ ነው። ማስረጃውም ብዙ ጊዜ መኪናው ላይ አለ። አሮጌው ቀለም ከመፋቁ በፊት በኮፈኖው ላይ የእጅ መዳፍ የምታህል ቦታ በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት ከመሃል ወደ ዳር እየሰፋ በዝግታ ሲታሸት፣ ከላይ እስከ ላሜራው ያሉት የቀለም ንብርብሮች አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ ቀለበት ተራ በተራ ይታያሉ። በአንድ ቦታ ላይ ብቻ አንድ ተጨማሪ ቀለበት ከተገኘ በዚያ ቦታ መስመር ነበር ማለት ይቻላል። ምንም ካልተገኘ መኪናው ከፋብሪካ ያለ መስመር ሳይወጣ አይቀርም፤ ያን ጊዜ መስመር ማስመር ነውር የለውም፣ ነገር ግን የባለቤቱ ምርጫ ነው እንጂ እድሳት ተብሎ መጠራት የለበትም።

«መሃሉ በሜትር ተለክቶ ለሁለት ሲካፈል ይገኛል»

ግራና ቀኙ እኩል የሆነ አሮጌ መኪና ማግኘት አስቸጋሪ ነው። አንዱ ፓራፋንጎ በግጭት ተቀይሯል፣ ሌላው ተቀጥቅጦ ስቱኮ ጠጥቷል፣ ኮፈኖው በማጠፊያው ላይ ጥቂት ሚሊ ሜትር ወደ ጎን ሸሽቷል። ከፓራፋንጎ ጠርዝ እስከ ፓራፋንጎ ጠርዝ ለክቶ ለሁለት ማካፈል እነዚህን ጉድለቶች ሁሉ ወደ መስመሩ ያስገባቸዋል፤ ውጤቱም በኮፈኖው ላይ ትክክል መስሎ ጣሪያው ላይ ሲደርስ የሚሰበር መስመር ነው።

የሚያዋጣው የግንበኛ ሲባጎና ቱምቢ ነው። መኪናው በተስተካከለ ወለል ላይ ከቆመ በኋላ ሲባጎው ከፊት ፓራውልቱ መሃል እስከ ኋላ ፓራውልቱ መሃል ከጣሪያው ከፍ ብሎ ይወጠራል። ከዚያ ቱምቢው ከሲባጎው ላይ በኮፈኖው ጫፍ፣ በፊት መስታወቱ ሥር፣ በጣሪያው መጀመሪያና መጨረሻ፣ በኋላው ክዳን ላይ እየተንጠለጠለ በእርሳስ ነጥብ ይደረጋል። ነጥቦቹ ከፊት መስታወቱ መሃልና ከኮፈኖው አርማ ጋር ይነጻጸራሉ። ሦስቱ ካልተስማሙ መስመሩን ከመጎተት በፊት የኮፈኖው ማጠፊያ መስተካከል አለበት፤ ይህም ቀለም ከመቀባቱ በፊት መሠራት የነበረበት ሥራ ነው። በእኔ እምነት የመስመሩ ዕጣ የሚወሰነው ባትላሜራው እጅ ላይ ነው፤ ቀቢው የሚያደርገው ያንን ውሳኔ ማሳየት ብቻ ነው።

ሜትሩ ከተስማማ በኋላም ዐይን የመጨረሻውን ቃል ይናገራል። እንደ ቮልስ ባለ የተቆለመመ ኮፈኖ ላይ በሁሉም ቦታ ስፋቱ እኩል የሆነ መስመር ከፊት ሲታይ ወደ አፍንጫው የሰፋ፣ ወደ መስታወቱ የጠበበ ይመስላል። ስለዚህ ፕላስተሩ ከተለጠፈ በኋላ ከመኪናው ፊት ዐሥር እርምጃ ያህል ርቆ አንድ ጊዜ ቆሞ፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብሎ፣ አንድ ጊዜም መሰላል ላይ ወጥቶ ማየት ያስፈልጋል። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ማሳየትም ጥሩ ነው፤ ምክንያቱም የለካ ሰው ልኩን እንጂ መስመሩን አያይም።

«የስቱኮውን ጉድለት መስመሩ ይሸፍነዋል»

ተቃራኒው ነው የሚሆነው። አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ገጽ ላይ የማይታይ ሞገድ፣ ቀጥ ያለ ጠርዝ ሲያልፍበት መስመሩን ስለሚያጣምመው ወዲያው ይጋለጣል።

«ጠርዙን ለመያዝ የትኛውም ፕላስተር ይበቃል»

ከዕቃ ቤት የሚገዛው የወረቀት ፕላስተር የተሸበሸበ ስለሆነ ቀለም በሽብሽቡ ሥር ይሰርጋል፤ ጠርዙም የተነከሰ ይመስላል። ለጠርዙ የሚያስፈልገው 3 ወይም 6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ስስ የፕላስቲክ ፕላስተር ነው፤ የወረቀቱ ከእርሱ ጀርባ ሌላውን አካል ለመሸፈን ይሆናል። የፕላስቲኩን ፕላስተር እየሳቡ መለጠፍ ግን ትልቅ ጥፋት ነው፤ የተሳበው ቆይቶ ይሰበሰብና በተለይ በጥምዝ ላይ ከገጹ ይነሣል። አንዱ እጅ ጥቅሉን ሳይስብ ከፊት እየመራ፣ የሌላው እጅ ጣት ከኋላ እየተከተለ ይጫነዋል።

ከተለጠፈ በኋላ ጠርዙን በጥፍር መጫን ያስፈልጋል። ከዚያም የመስመሩ ቀለም ከመነፋቱ በፊት በጠርዙ ላይ የመደቡን (የመኪናውን ዋና) ቀለም ወይም ክሊር (ቀለም የሌለውን የላይ ሽፋን) በጣም ሳሳ አድርጎ መንፋት የታወቀ ብልሃት ነው። የሚሰርግ ነገር ካለ የሚሰርገው የመደቡ ቀለም ስለሚሆን አይታይም፤ ቀዳዳውም ስለሚዘጋ ቀጣዩ ቀለም መግቢያ ያጣል።

«ፕላስተሩ የሚነሣው ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ነው»

ሙሉ በሙሉ የደረቀ ቀለም በፕላስተሩ ላይ ድልድይ ሠርቶ ስለሚጠነክር ሲነሣ ጠርዙ ይሰነጠቃል፣ አልፎም ይላጣል። ትክክለኛው ጊዜ ከመጨረሻው ዙር በኋላ ቀለሙ ሲነካ ጣት ላይ የማይቀርበት፣ ነገር ግን ገና ያልጠነከረበት ነው። ፕላስተሩ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ራሱ ታጥፎ፣ ከመስመሩም ትንሽ ወደ ውጭ እየተመራ በዝግታ ይጎተታል።

«ነጭ ያው ነጭ ነው»

የ1960ዎቹ ብዙ ነጮች ወደ ክሬም ያደሉ ነበሩ። ዛሬ በገበያ ላይ ያለው እጅግ የነጣ ነጭ በአሮጌ መኪና ላይ ባዕድ ሆኖ ይታያል። ነጩ የመኪናው የራሱ ቀለም ከሆነ፣ ፀሐይ ያልነካው ናሙና በበርና በመስታወት ጎማዎች ሥር ወይም በዳሽቦርዱ ጀርባ ይገኛል፤ ቀለሙም ከዚያ ይቀመማል።

በቀይ መኪና ላይ ነጭ መስመር ሲሰመር ሌላ አደጋ አለ። አንዳንድ አሮጌ ቀይ ቀለሞች በቲነር ስለሚሟሙ በነጩ ውስጥ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ ነጩም ይቀላል። ነጩን እየደራረቡ መንፋት መፍትሔ አይሆንም። አስቀድሞ በማይታይ ቦታ ላይ መሞከርና ቀዩ የሚወጣ ከሆነ በመሃል ማገጃ ሽፋን መንፋት ይገባል።

«ከመቀባቱ በፊት በቤንዚን መወልወል ይበቃል»

ቤንዚን ከተነነ በኋላ ቅባት ይተዋል። በዚያ ላይ የተነፋ ቀለም ሊያፈገፍግና ዐይን የሚመስሉ ትናንሽ ክብ ጉድጓዶች ሊያወጣ ይችላል። ለዚሁ የተዘጋጀ ማጽጃ በንጹሕ ጨርቅ ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ በሌላ ደረቅ ጨርቅ መጠረግ አለበት።

«ኮምቦልቻ ላይ የሠራው የቀለም ቅመም ደሴም ይሠራል»

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው የሐረጎ ዳገት ብቻ ይመስላል፤ ለቀለም ግን ልዩነቱ ሰፊ ነው። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትገኝ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ሙቀቷም እንዲሁ ይበልጣል። በቀለም ቆርቆሮ ላይ የሚጻፈው የመድረቂያ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ ለ20 ዲግሪ ሙቀት የተሰላ ነው። በኮምቦልቻ ቀትር ፈጣን ቲነር የተቀላቀለበት ቀለም ገጹ ላይ ሳያርፍ በአየር ላይ ስለሚደርቅ ሸካራ ይሆናል፤ በደሴ ጠዋት ዘገምተኛ ቲነር የተጨመረበት ደግሞ ከጎን ይወርዳል፣ ወይም ከላይ ደርቆ ከሥር ለስላሳ ይቀራል። ስለዚህ የቲነሩ ዓይነት በቦታውና በሰዓቱ ይመረጣል። በክረምት ጉም በወረደበት ጠዋት ቲነሩ ሲተንን ብቻ የሚደርቀው የኒትሮ ቀለም ከተነፋ እርጥበቱ ገጹ ላይ ይቀመጥና ቀለሙ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል፤ ጉሙ እስኪገፍ መጠበቅ ይሻላል። ላሜራው ራሱ ከአየሩ ይልቅ ቀዝቅዞ እንደሚያድርም መዘንጋት የለበትም።

«ክሊር ሲነፋበት ጠርዙ ይጠፋል»

መስመሩ በቀለሙ ውፍረት ልክ ከፍ ይላል፤ በጣትም ይዳሰሳል። አንድ ጊዜ የተነፋ ክሊር የጠርዙን ቅርጽ ይከተላል እንጂ አይሞላውም። እርከኑ እንዲጠፋ ከተፈለገ ክሊሩ ተደርቦ ተነፍቶ፣ ከደረቀ በኋላ በ1000 ቁጥር በውሃ ታሽቶ፣ እንደገና መነፋትና መወልወል አለበት። የመስመሩ ቀለም ራሱ ስስ ሆኖ መነፋቱም እርከኑን ይቀንሰዋል።

እዚህ ላይ ግን ከብዙ ቀቢዎች ጋር የምለያይበት ነጥብ አለ። በ1960ዎቹ መስመሩ ብዙ ጊዜ በመደቡ ላይ በቀጥታ ይቀባ ነበር፤ ክሊርም አይነፋበትም ነበር። ጠርዙ በጣት ይዳሰሳል፤ ያም የዘመኑ እውነተኛ ምልክት ነው። በዘመናዊ ክሊር ሥር እንደ መስታወት የተቀበረ መስመር ያማረ ሊሆን ይችላል፤ ዓላማው መኪናውን ወደ ነበረበት መመለስ ከሆነ ግን እርከኑ መኖሩን ባለቤቱ ሊያውቀውና ሊወደው ይገባል።

«በሩ ከተከፈተ ጭምብል አያስፈልግም»

ይህ አመለካከት ጤና ያሳጣል። ዛሬ በሃርድነር (በማጠንከሪያ) የሚቀላቀሉት ሁለት ክፍል ቀለሞችና ክሊሮች አይሶሳያኔት የተባለ ኬሚካል አለባቸው። ይህ ኬሚካል አስም ያስከትላል፤ አንድ ጊዜ ሰውነቱ የተቆጣ ሰው ከዚያ በኋላ በጥቂቱም ይታመማል። ጉዳት በሚያደርስበት መጠን ላይ እያለ ሽታው ላይሰማ ስለሚችል «አልሸተተኝም» ማለት ዋስትና አይሆንም። በአፍ ላይ የታሰረ እርጥብ ጨርቅም ሆነ የአቧራ ጭምብል አያግደውም። የተሻለው መከላከያ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያቀርብ ጭምብል ነው፤ እርሱ ካልተገኘ ባለ ማጣሪያውን ታምኖ ሃርድነር ያለው ቀለም ከመንፋት፣ ሃርድነር የማያስፈልገውን ቀለም መምረጥ ይሻላል፤ ለዚያም ቢሆን ለቀለም ትነት የተሠራ ባለ ከሰል ማጣሪያ ጭምብል ያስፈልጋል። የሚያግዙ ልጆችና ጎረቤቶችም ጭጋጉ ከግቢው እስኪወጣ ድረስ እንዲርቁ ማድረግ የቀቢው ኃላፊነት ነው።