የመጀመሪያ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ምንድን ነው? በኤአይ (በሰው ሠራሽ አስተውሎት) ዘመንስ በምን ይመረጣል?

የመጀመሪያ የፕሮግራሚንግ ቋንቋ የሚባለው አንድ ጀማሪ ኮምፒውተርን ማዘዝ የሚለማመድበት ቋንቋ ነው። ከትምህርቱ በኋላ ከተማሪው ጋር የሚቆየው ግን የአጻጻፍ ሕጉ ሳይሆን ተለዋዋጭ (ዋጋ የሚያዝበት ስም)፣ ሁኔታ («እንዲህ ከሆነ ይህን አድርግ» ማለት)፣ ድግግሞሽ (አንድን ትእዛዝ ደጋግሞ ማሠራት) እና ፈንክሽን (ስም ተሰጥቶት በተፈለገ ጊዜ የሚጠራ የትእዛዞች ስብስብ) የተባሉት ጽንሰ ሐሳቦች ናቸው፤ እነዚህን በአንድ ቋንቋ በሚገባ የጨበጠ ሰው ወደ ሌላው ሲሻገር የሚቸገረው በአመዛኙ በአጻጻፉ ብቻ ነው። ለጀማሪ ታስቦ ቋንቋ መሥራትም አዲስ ነገር አይደለም። ቤዚክ እ.ኤ.አ. በ1964 በአሜሪካው ዳርትመዝ ኮሌጅ ሲዘጋጅ የሳይንስ ተማሪ ያልሆኑትም እንዲጠቀሙበት ታስቦ ነበር፤ ፓስካልም በ1970 የወጣው በዋናነት ለማስተማሪያነት ነው።

ጅማ ውስጥ በኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ቴክኖሎጂ ለሚያጠና አዲስ ተማሪም ሆነ በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ በኩል ለሚማር ወጣት፣ «በየትኛው ልጀምር?» የሚለው ጥያቄ አይቀሬ ነው። ቀድሞ መልሱን የሚወስኑት ሁለት ነገሮች ነበሩ፦ አጻጻፉ መቅለሉና ሥራ ማስገኘቱ። ሲታዘዙ ኮድ የሚጽፉት የኤአይ ረዳቶች፣ ማለትም ጊትሃብ ኮፓይለት እ.ኤ.አ. በ2021 ለሙከራ፣ ቻትጂፒቲ ደግሞ በኖቬምበር 2022 ለሕዝብ ከቀረቡ ወዲህ ግን ኮድ መጻፍ በጥቂት ሰከንድ የሚያልቅ ሥራ ሆኗል። ለሰው የቀረለት ከባዱ ድርሻ የተጻፈውን አንብቦ ትክክል መሆኑን ማረጋገጥ ነው። ስለዚህ መመዘኛው «በየትኛው ቋንቋ መጻፍ ይቀለኛል?» ከሚለው ይልቅ «በየትኛው ቋንቋ የተጻፈን ስሕተት ፈልጌ ማግኘት እችላለሁ?» የሚለው ሊሆን ይገባል።

ነገሩን በቡና ሂሳብ ማየት ይቻላል። በቡና ንግድ ክብደት በፈረሱላ ይነገራል፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። ጀማሪው የኤአይ ረዳቱን «ኪሎን ወደ ፈረሱላ የሚለውጥ ፕሮግራም ጻፍልኝ» ቢለውና ረዳቱ በሲ ፕላስ ፕላስ ወይም በጃቫ ሁለቱንም ቁጥሮች በሙሉ ቁጥርነት መዝግቦ ቢያካፍላቸው፣ 60 ኪሎ የያዘ ጆንያ 3 ፈረሱላ ብቻ ሆኖ ይወጣል። እነዚህ ቋንቋዎች ሙሉ ቁጥርን ለሙሉ ቁጥር ሲያካፍሉ ቀሪውን ይጥሉታል። ፕሮግራሙ ያለ አንዳች የስሕተት መልእክት ሠርቶ ይጨርሳል፤ 9 ኪሎ ቡና ግን ከሂሳቡ ወጥቷል። በአሁኑ የፓይተን ቋንቋ ተራው የማካፈያ ምልክት 3.53 ገደማ ይሰጣል። «በአሁኑ» ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም፦ ፓይተን 2 ራሱ ቀሪውን ይጥል ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ፓይተን 3 ነው አሠራሩን የለወጠው፤ የድሮው ኮድም አሁን ድረስ በኢንተርኔት ላይ ይገኛል።

ጃቫስክሪፕት በበኩሉ ሌላ ወጥመድ አለው። ከድረ ገጽ ቅጽ የመጣ 60 ቁጥር ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ በላዩ ላይ 17 ሲደመርበት ውጤቱ 77 መሆኑ ቀርቶ 6017 ይሆናል። ፓይተን በተመሳሳይ ቦታ ጽሑፍንና ቁጥርን አልደምርም ብሎ ይቆማል፣ የቆመበትንም መስመር ያመለክታል። በረዳት ለሚሠራ ጀማሪ እንዲህ የሚጮኽ ቋንቋ ዝም ብሎ ከሚያልፍ ይሻላል። እርግጥ ፓይተን የሚጮኸው መስመሩ ሲሠራ ብቻ ነው፤ ጃቫና ሲ ፕላስ ፕላስ ብዙ የዓይነት ስሕተቶችን ፕሮግራሙ ከመነሣቱ በፊት ስለሚይዙ በዚህ ይበልጡታል።

ይህን ሁሉ ሳመዛዝን ለአብዛኛው ጀማሪ ፓይተንን እመርጣለሁ። ብዙዎች «ረዳቶቹ ፓይተንን በደንብ ያውቁታል» የሚለውን እንደ ዋና ምክንያት ያቀርባሉ። ለእኔ ይህ የሚያዘናጋ ምክንያት ነው፤ አምሮ የተጻፈ ስሕተት ተንተባትቦ ከተጻፈው ይልቅ ለመጠርጠር ያስቸግራልና። ይልቅስ የኔትወርኩ ጉዳይ የበለጠ ይመዝናል፦ በድረ ገጽ የሚሠራው ረዳት ኢንተርኔት ሲቋረጥ አብሮ ይጠፋል፣ ፓይተን ግን አይድል ከተባለው የኮድ መጻፊያና ማረሚያው ጋር አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል።

ፓይተን 3 የተለዋዋጮችን ስም በግዕዝ ፊደል መጻፍም ይፈቅዳል፤ «ክብደት» ወይም «ዋጋ» ብሎ መሰየም ለጀማሪ ንባቡን በእጅጉ ያቀልለታል። ነገር ግን ኮምፒውተሩ «ሥራ»ን እና «ስራ»ን ሁለት የተለያዩ ስሞች አድርጎ ስለሚያይ አንዱን አጻጻፍ ይዞ መቀጠል ግድ ነው። የቋንቋው የራሱ ትእዛዞች በእንግሊዝኛ እንደሆኑ ይቀራሉ።

ዓላማው ድረ ገጽ መሥራት የሆነ ሰው አሳሾች (ድረ ገጽ መክፈቻ ፕሮግራሞች) የሚያውቁትን ጃቫስክሪፕትን ቢጀምር አይሳሳትም። ኮርሱ በሲ ፕላስ ፕላስ የሚሰጠው የዩኒቨርሲቲ ተማሪም በጎን ፓይተን ፍለጋ መሄድ አያስፈልገውም፤ ለእርሱ የሚበጀው ረዳቱን «ጻፍልኝ» ከማለት ይልቅ ኮምፓይለሩ (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉመው ፕሮግራም) ያወጣውን የስሕተት መልእክት እንዲያብራራለት መጠየቅ፣ ማስተካከያውን በራሱ እጅ መጻፍ፣ ከዚያም መልሱን አስቀድሞ በወረቀት ባሰላው ቁጥር ፕሮግራሙን መፈተን ነው።