«ባለ ትልቅ ፍሬም» ሪቮልቨር ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ በስልኩ ላይ አንድ ፎቶ አሳየኝ። በፎቶው ላይ በርሜሉ የረዘመ፣ የእንጨት እጀታው መዳፍ የሚሞላ፣ የአሜሪካው ፋብሪካ የኮልት ሥራ የሆነ ፓይተን ሪቮልቨር (ጥይቱ በሚዞር ሲሊንደር ውስጥ የሚቀመጥ ሽጉጥ) ይታያል፤ ከሥሩም «ከቀደምት ባለ ትልቅ ፍሬም ሪቮልቨሮች አንዱ፤ ትልቅነቱን ከበርሜሉ ተረዱ» የሚል ማብራሪያ ተጽፎበታል። ከዚህ ቀደም አንድ ሌላ አስተያየት ሰጪ «ጥይቱ ወፍራም ከሆነ ፍሬሙ ትልቅ ነው፤ የቀረው የሰብሳቢዎች ወግ ነው» ሲል ሰምቼ በዝምታ አልፌው ነበር። ጅማ ውስጥ ብዙ ዓመት በጦር መሣሪያ ጥገና ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው እንደ መሆኔ ይህን የፎቶውን ግን ማለፍ አልሆነልኝም፤ ቃሉ በርሜልንም፣ ጥይትንም፣ እጀታንም አይለካምና።

ሪቮልቨር እንዴት እንደሚጎርስና እንዴት እንደሚዞር እዚህ አላብራራም። ፍሬም የምንለው በርሜሉ ከፊት በጥርስ የሚታሰርበት፣ ሲሊንደሩ በመስኮቱ ውስጥ የሚዞርበት፣ ቃታውና መዶሻው ከነሞላቸው የተቀበሩበት፣ ከኋላ ደግሞ እጀታው የሚለብሰው ዋናው የብረት አካል ነው። ፋብሪካዎች ለእያንዳንዱ ሞዴል አዲስ ፍሬም አይሠሩም፤ ሦስት አራት መጠን ያወጡና በእያንዳንዱ መጠን ላይ ብዙ ሞዴል ይገነባሉ። ስለዚህ «ባለ ትልቅ ፍሬም» የቤተሰብ ስም ነው፤ አንድ ሪቮልቨር ከየትኛው አካል እንደ ተወለደ ይናገራል እንጂ ምን እንደሚተፋ አይናገርም። ሌላው የአሜሪካ ፋብሪካ ስሚዝ ኤንድ ዌሰን የቀድሞውን ትልቅ ፍሬሙን በ«ኤን» ፊደል ይጠራዋል፤ የመጀመሪያው ልጁም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1908 የወጣውና ሲሊንደሩ በሦስት ቦታ ስለሚቆለፍ ሰብሳቢዎች «ትሪፕል ሎክ» የሚሉት ነው። የኮልት ትልቅ ፍሬም ደግሞ በ1898 የጀመረው ኒው ሰርቪስ ነው። በዚህ ጽሑፍ ከአንድ አዋጅ ቁጥር በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለጅማ ሰው ነገሩን በበርጩማ ማስረዳት ይቀላል። የእኛ ባለ ሦስት እግር በርጩማ በምስማርና በሙጫ አይገጣጠምም፤ ጠራቢው አንድ ወጥ ግንድ ይዞ መቀመጫውንም እግሮቹንም ከዚያው ውስጥ ፈልፍሎ ያወጣቸዋል። አጠገቡ ቆሞ ያየ ሰው እንደሚያውቀው፣ የመጀመሪያው የመጥረቢያ ምት ሳያርፍ የግንዱ ውፍረት የበርጩማውን ወሰን ቆርጦታል፤ ከተጠረበ በኋላ ማጥበብ እንጂ ማስፋት አይቻልም። ፍሬምም ከአንድ ወጥ ብረት ተቀጥቅጦና ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ጥይቱ በበርጩማው ላይ የሚቀመጠው ሰው ነው። በሽማግሌ በርጩማ ላይ ሕፃን ሊቀመጥ ይችላል፤ በሕፃን በርጩማ ላይም ወፍራም ሰው ተጨናንቆ ሊቀመጥ ይችላል፤ በርጩማው ግን በተቀማጩ ምክንያት አይሰፋም፣ አይጠብም። እግሩ ቢረዝም ረዥም በርጩማ ተባለ እንጂ ሰፊ አልሆነም፤ በርሜሉም እንዲሁ ነው። አጎዛ ቢነጠፍበት ለተቀማጩ ይመቻል እንጂ እንጨቱ አይጨምርም፤ እጀታውም እንዲሁ ነው። ምሳሌው የሚያነክሰው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በበርጩማ ላይ ክብደቱ ወደ ታች ብቻ ሲጫን በሪቮልቨር ውስጥ ግን የባሩዱ ግፊት ወደ ሁሉም አቅጣጫ ይገፋል።

ለምን ትልቅ አካል አስፈለገ ለሚለው መልሱ ያለው እዚሁ ግፊት ላይ ነው። ስድስት ጥይት ክብ ሠርተው የሚቀመጡበት ሲሊንደር በየሁለቱ ጉድጓዶች መካከልም፣ ከጉድጓዱ እስከ ውጭኛው ገጽም በቂ የብረት ግድግዳ ሊተርፈው ይገባል። የኤን ፍሬም ሲሊንደር ዲያሜትር 43 ሚሊሜትር ያህል ሲሆን የመካከለኛው የኬ ፍሬም ሲሊንደር 37 ሚሊሜትር ያህል ነው። ስድስት ሚሊሜትር ለጀማሪ ምንም ሊመስለው ይችላል፤ ካሊፐር (የውፍረት መለኪያ) ይዞ ለሚሠራ ሰው ግን በደኅና ሲሊንደርና በተሰነጠቀ ሲሊንደር መካከል ያለ ርቀት ነው። ከሲሊንደሩ በላይ የሚያልፈው የፍሬሙ ድልድይም ከዚሁ ጋር አብሮ ይወፍራል፤ ይህ ድልድይ ፍሬሙ እንዳይለጠጥ የሚይዘው ክፍል ስለሆነ አሮጌ መሣሪያ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምመለከተው እሱን ነው።

አሁን «ጥይቱ ወፍራም ከሆነ» ወዳለው ሰው ልመለስ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በ1930 «.38/44 ሄቪ ዲዩቲ» የተባለ ሪቮልቨር አወጣ። ፍሬሙ ያው ኤን ነው፤ የሚጎርሰው ግን በየፖሊሱ ወገብ ላይ የነበረውን የ.38 ስፔሻል ጥይት ነው። እርሳሱ፣ ማለትም ከአፈሙዙ የሚወጣው ክፍል፣ ውፍረቱ 9 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ለዚህ ቀጭን ጥይት ያን ሁሉ ብረት የሰጡት፣ ወንጀለኞች በመኪና መሸሽ በጀመሩበት ዘመን ፖሊሶች የመኪና ቆርቆሮ የሚበሳ ነገር በመፈለጋቸውና በዚያው ልክ ባለው ቀለህ ውስጥ ከተለመደው የበረታ ባሩድ ስለ ተሞላ ነው። እንግዲህ ጥይቱ ቀጭን፣ ፍሬሙ ትልቅ ሆነ። በአስተያየት ሰጪው ሚዛን ቢመዘን ይህ ሪቮልቨር «ትንሽ» ሊባል ነው።

ታሪኩ በዚህ አላበቃም፤ ችግር ወለደ። የበረታው ጥይት በቁመትም በውፍረትም ከተራው .38 ስፔሻል ጋር አንድ ስለ ነበር በአሮጌና በትናንሽ ሪቮልቨሮች ውስጥም ያለ ከልካይ ይገባ ነበር። በ1935 የ.357 ማግነም ሲወጣ ቀለሁ በ3 ሚሊሜትር ያህል እንዲረዝም የተደረገው ለዚህ ነው፤ የረዘመው ቀለህ በ.38 ሲሊንደር ውስጥ ገብቶ ስለማያልቅ ሲሊንደሩ አይዘጋም። እዚህ ላይ በሙያዬ የማልፋት አንድ ማስጠንቀቂያ አለች፤ «ገባ» ማለት «ይተኮሳል» ማለት አይደለም። የመጀመሪያዎቹ የ.357 ሪቮልቨሮችም በኤን ፍሬም ላይ ለየገዢው በትእዛዝ የተሠሩና የምዝገባ ወረቀት የነበራቸው ሲሆኑ፣ የመጀመሪያው የተሰጠው ለአሜሪካ የፌዴራል ምርመራ ቢሮ (ኤፍ ቢ አይ) ኃላፊ ለጄ. ኤድጋር ሁቨር ነበር። በነገራችን ላይ .38 የሚለው ስም ራሱ አይታመንም፤ የእርሳሱ ልክ እንደ .357ቱ ሁሉ 0.357 ኢንች ነው። ስሙ የመጣው ከቀለሁ ውፍረት ነው። በስም ብቻ ፍሬም የሚገምት ሰው ስሙ ራሱ የሚዋሽ መሆኑን አልሰማም።

በተቃራኒው በኩል ያለውም ምስክር ግልጽ ነው። ቻርተር አርምስ የተባለው የአሜሪካ ፋብሪካ በ1973 ያወጣው ቡልዶግ የ.44 ስፔሻል ጥይት ይጎርሳል፤ ይህ ትሪፕል ሎክ የተወለደበት ጥይት ነው። ቡልዶግ ግን ባዶውን ከ600 ግራም በታች የሚመዝን፣ በኪስ የሚገባ ትንሽ ፍሬም ነው። እንዴት ቻለው? ከስድስቱ አንዱን ጉድጓድ ትቶ አምስት ብቻ ጎረሰ፤ የቀረውንም ዋጋ የሚከፍለው የተኳሹ አንጓ ነው። በሕፃን በርጩማ ላይ የተቀመጠው ወፍራም ሰው ያልኩት ይህ ነው።

የፓይተኑ ጉዳይ ትንሽ ጠለቅ ማለት ይፈልጋል፤ ከፎቶው ሥር ማብራሪያውን የጻፈው ሰው የተሳሳተበት ምክንያት ለዓይን እውነት ይመስላልና። ፓይተን በ1955 ሲወጣ ከበርሜሉ በታች እስከ አፈሙዙ የሚዘልቅ ወፍራም ብረት፣ ከበላዩም ቀዳዳ ያለው ጀርባ ተሰጠው። ስለዚህ ከፊት ሲታይ ግዙፍ ነው፤ ክብደቱም ከአንዳንድ ባለ ትልቅ ፍሬሞች ሊበልጥ ይችላል። ፍሬሙ ግን ከኒው ሰርቪስ ወገን አይደለም፤ ኮልት ለፖሊስ ይሸጣቸው ከነበሩት መካከለኛ ሪቮልቨሮች የወረደ ነው። ሲሊንደሩ 40 ሚሊሜትር አይሞላም። «ከኬ ይሰፋል» ብሎ የሚከራከረኝ ካለ እቀበላለሁ፤ በእርግጥም ይሰፋል፤ ከኤን ግን ይጠባል። የስሚዝ ኤንድ ዌሰንን ፊደል ወስዶ በኮልት ወይም በእንግሊዞቹ ላይ መለጠፍም ሌላ ስሕተት ነው፤ ኮልት የራሱ ፊደላት አሉት፤ ፊደሉ ቢመሳሰል እንኳ መጠኑ አይመሳሰልም።

ለዚህ ስሕተት እኔም እንግዳ አልነበርኩም። ጅማ በ1941 ከጣሊያን እጅ ስትወጣ የእንግሊዝ ጦር በዚህ በኩል ስላለፈ፣ ለዓመታት በእጄ ካለፉት አሮጌ ሽጉጦች መካከል የእንግሊዝ ሪቮልቨሮች አይታጡም ነበር። ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ሁለት ሪቮልቨሮች ከፊቴ ተቀመጡ፤ ሁለቱም ከላይ ተሰብረው የሚከፈቱ፣ ሁለቱም ስድስት ጎራሽ፣ ሁለቱም ጥቁር ግራጫ ቀለም የለበሱ። መዝገቡ ላይ «ዌብሊ፣ ትልቅ፣ ሁለት» ብዬ ጻፍኩ። አለቃዬ ምንም ሳይናገር ከመሳቢያው አንድ ባዶ የ.455 ቀለህ አወጣና ሰጠኝ። በአንደኛው ሲሊንደር ውስጥ ቀለሁ ጠብ ብሎ ገባ፤ በሁለተኛው ግን አፉ ላይ ቆመ። «ጋሼ፣ ዝጎ ይሆን?» አልኩት። «ዝገት ሁለት ሚሊሜትር አያጠብም፤ ለካው» አለኝ። የመጀመሪያው በ1915 የወጣው ዌብሊ ማርክ 6 ሲሆን ከአንድ ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንግሊዞች ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ ቀለል ያለና ለማሠልጠን የሚመች መሣሪያ ፈልገው በ1932 የተቀበሉት፣ .38 የሚጎርሰው ኢንፊልድ ቁጥር 2 ነው። ሥዕላቸው አንድ ነው፤ አካላቸው ግን ታላቅና ታናሽ ነው። ብቻውን የተነሣ ፎቶ ልክ የለውምና ሁለቱን ከፎቶ መለየት ለለመደ ዓይንም ያስቸግራል።

ትልቅ ፍሬም ለሰብሳቢ ለምን እንደሚከበር የ1917ቱ ሞዴል ጥሩ ማሳያ ነው። የአሜሪካ ጦር ወደ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሲገባ «1911» የተባለው መደበኛ ሽጉጡ ስላልበቃው፣ ኮልትና ስሚዝ ኤንድ ዌሰን በእጃቸው የነበረውን ትልቅ ፍሬም ለዚያው ሽጉጥ የ.45 ጥይት አስተካከሉት። የዚያ ጥይት ቀለህ ከንፈር፣ ማለትም ባዶው ቀለህ ከሲሊንደሩ ሲወጣ የሚያዝበት የኋላ ጠርዝ፣ የለውም፤ ስለዚህ ሦስት ሦስት ጥይት የሚይዝ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያለው ስስ ብረት ተሠራለት። ፍሬሙ መጀመሪያውኑ ቦታ ስለ ነበረው አዲስ አካል መንደፍ አላስፈለገም። እንዲህ ዓይነቱ ሪቮልቨር ሲገኝ ዋጋው ያለው በየክፍሉ በተመቱት ቁጥሮች መገጣጠምና በፋብሪካው ቀለም ላይ ነው። ቀለሙ ስስ ቢሆን፣ ቢያረጅም አይነካ። በአሸዋ ወረቀት ተፈግፍጎ እንደ አዲስ የተቀባ መሣሪያ ፊደሎቹ ይደበዝዛሉ፤ ጠርዞቹም ይከባሉ፤ ይህን ማንም ሊመልሰው አይችልም። በጅማ እርጥበት ደግሞ በቆዳ አፎት ውስጥ ማስቀመጥ አይገባም፤ ቆዳው እርጥበትም ቆዳ የለፋበትንም ጨው ይይዛልና ብረቱን ከሥር ይበላዋል። በስሱ ዘይት የተቀባ ንጹሕ ጨርቅ ይበቃዋል።

ይህን ስል ማንም ተነሥቶ ይሰብስብ ማለቴ እንዳልሆነ ልብ ይባልልኝ። በ1177/2012 አዋጅ መሠረት ያለ ፈቃድ የጦር መሣሪያ መያዝ የተከለከለ ነው፤ አሮጌ መሆኑ ወይም ከአያት መውረዱ ፈቃድ አይሆንም። ፈቃድ ያለው ሰው ቢሆንም ከመለካቱ በፊት ሲሊንደሩን ከፍቶ ስድስቱንም ጉድጓድ በዓይኑ አይቶ ባዶ መሆናቸውን ያረጋግጥ፤ ካሊፐሩን ከዚያ በኋላ ያንሣ።

ለወዳጄም ያልኩት ይህንኑ ነው፤ የፎቶው ባለቤት ሪቮልቨሩን ባዶ አድርጎ፣ በርሜሉን ትቶ፣ ካሊፐሩን ሲሊንደሩ ላይ አሳርፎ ቁጥሩ እንዲታይ ሆኖ እንደገና ያንሣው አልኩት። ወዳጄ መልእክቱን አድርሷል፤ ፎቶው ግን እስካሁን አልመጣም።