“ገበሬ ልትሆን ነው?” እና ሌሎች ስለ አግሪ ኢኮኖሚክስ የሚወሩ ስህተቶች

ዲፓርትመንት የሚሞላበት ሰሞን ሲደርስ የሚመጡልኝ ጥያቄዎች ይመሳሰላሉ። ፍሬሽማን የጨረሰ ልጅ ከዝርዝሩ ውስጥ “አግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ” የሚል ያያል። ግማሹ “አግሪ” የምትለውን አይቶ ይሸሻል። ግማሹ ደግሞ “ኢኮኖሚክስ” የሚለውን አይቶ ከወዲሁ ባንክ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጠ ይመስለዋል። ሁለቱም የኮርስ ዝርዝሩን ገልጠው አላዩም። እስቲ ቶሎ ቶሎ የምሰማቸውን አንድ በአንድ እንያቸው።

“ገበሬ ልትሆን ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?”

ይህቺን ያልሰማ የአግሪ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ያለ አይመስለኝም። አብዛኛውን ጊዜ የምትመጣው በዓመት በዓል፣ ዘመድ በተሰበሰበበት፣ ከአንድ አጎት አፍ ነው። (ገበሬ መሆን ምን ነውር አለው የሚለውን ለሌላ ቀን እናቆየው።)

አስተራረስን፣ ዘርን፣ ከብትን፣ አፈርን የሚያጠኑት ሌሎች ዲፓርትመንቶች ናቸው፤ ዕፅዋት ሳይንስ፣ እንስሳት ሳይንስ፣ የአፈር ሳይንስ። አግሪ ኢኮኖሚክስ ከእነሱ ጥቂት መግቢያ ኮርሶችን ይወስዳል። የራሱ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ምን ይመረት? በስንት ወጪ? መቼ፣ ለማን ይሸጥ? ዋጋው ለምን ወጣ፣ ለምንስ ወረደ?

ጤፍን ውሰዱ። ውቂያው ሲያልቅ፣ ጥር አካባቢ፣ ሁሉም ገበያ ስለሚያወጣ ዋጋው ዝቅ ይላል። ክረምት ሲገባ ይወደዳል። ጤፍ እንደ በቆሎ ነቀዝ አያስቸግረውም፤ በደንብ ከተቀመጠ ይቆያል። ታዲያ ገበሬው ለምን እስከ ሐምሌ አይጠብቅም? “ስለማያውቅ ነዋ” ብሎ እጁን የሚያወጣ ተማሪ ክፍል ውስጥ አይጠፋም። ገበሬው ግን አሳምሮ ያውቃል። የማዳበሪያ ዕዳ አለበት። ግብር አለበት። ጥር ነውና ሠርግም አለበት። ተበድሮ ልጠብቅ ቢል እንኳ ወለዱ ከዋጋው ጭማሪ ሊበልጥ ይችላል። ጤፉን ሸጦ ለቤቱ በቆሎ የሚገዛውም ሒሳቡን ሠርቶ ነው። ትምህርቱ ይህንን ቁጭ ብሎ ማስላት ነው።

ከዚህ የከፋም ታይቷል። በተከታታይ ጥሩ ምርት ከተገኘ በኋላ በ1994 ዓ.ም. የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወደቀ። የመሰብሰቢያው ወጪ በቆሎው ከሚያወጣው ዋጋ ስለበለጠ በቆሎው ማሳ ላይ የቀረበት ቦታ ነበር። የከሰረ ገበሬ በቀጣዩ ወቅት ማዳበሪያና ምርጥ ዘር ቀነሰ። በላዩ ላይ ድርቅ መጣ። በ1995 ዓ.ም. ከ13 ሚሊዮን በላይ ሰው ዕርዳታ ፈላጊ ሆነ። ምርት በተትረፈረፈ ማግሥት ረሀብ እንዴት ይመጣል? ይህንን የሚመረምር ሰው መጋዘንን፣ መንገድን፣ ብድርን፣ የገበያ መረጃንና ደላላን ማጥናት አለበት። ዶ/ር እሌኒ ገብረመድኅን ለዶክትሬታቸው ያጠኑት ይህንኑ የእህል ገበያና ደላሎቹን ነበር። ማስተርሳቸው ከሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ በአግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ ነው። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የኢትዮጵያ ምርት ገበያንም መጀመሪያ የመሩት እሳቸው ናቸው። ምርት ገበያው የታሰበውን ያህል ሠርቷል ወይ የሚለው እስከ ዛሬ ያከራክራል። የሚከራከሩትም በአብዛኛው የዚሁ ሙያ ሰዎች ናቸው።

“ሒሳብ የሚያስጠላው እዚያ ይግባ”

ይህንን ምክር ማን እንደጀመረው እንጃ። ብዙ ልጅ ግን ጉድ ሠርቷል።

የኮርሶቹን ስም ብቻ እዩ። ማይክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማክሮ ኢኮኖሚክስ፣ ማቲማቲክስ ፎር ኢኮኖሚስትስ፣ ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሜትሪክስ፣ ፕሮዳክሽን ኢኮኖሚክስ፣ ፋርም ማኔጅመንት፣ የግብርና ምርቶች ግብይትና የዋጋ ትንተና፣ የፕሮጀክት ዝግጅትና ግምገማ። አደረጃጀታቸው ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ትንሽ ይለያያል። ካልኩለስ የሌለበት ግን አላየሁም።

ሒሳቡ ለምን እንዳስፈለገ በአንድ ምሳሌ ላሳያችሁ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ያህል ናቸው። አንድ ገበሬ ስንዴ ማሳው ላይ የመጀመሪያዋን ኩንታል ዩሪያ ሲጨምር 6 ኩንታል ተጨማሪ ስንዴ አገኘ እንበል። ሁለተኛዋ 3 ኩንታል ጨመረችለት። ሦስተኛዋ 1 ኩንታል ብቻ። የአንድ ኩንታል ዩሪያ ዋጋ አንድ ኩንታል ተኩል ስንዴ ያህል ከሆነ፣ ሦስተኛዋ ኩንታል ምርቱን እየጨመረች ገበሬውን ታከስረዋለች። ከፍተኛ ምርት የሚፈልግ ሰው ሦስቱንም ጨምር ይለዋል። የአግሪ ኢኮኖሚክስ ተማሪ ሁለተኛዋ ላይ አቁም ይላል። ነጥቡን በትክክል ለማግኘት ደግሞ ዴሪቬቲቭ (አንዱ በትንሹ ሲጨምር ሌላው በስንት እንደሚለወጥ የሚያሳይ ስሌት) መሥራት ግድ ነው። የማዳበሪያ ወይም የስንዴ ዋጋ በተለወጠ ቁጥር መልሱም ይለወጣል።

ሦስተኛና አራተኛ ዓመት ላይ ስታታ የሚባለው የመረጃ መተንተኛ ሶፍትዌር ይመጣል። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራው በብዛት በእሱ ወይም በኤስፒኤስኤስ ነው። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረው የመውጫ ፈተናም አለ፤ 50 በመቶ ያላመጣ አይመረቅም። ሒሳብ ጎበዝ መሆን አያስፈልግም፤ ከሒሳብ ጋር መኳረፍ ግን አያዋጣም።

“ውጤት ያልመጣለት የሚጣልበት ነው”

ስሜቱ ይገባኛል። “ግብርና ደረሰኝ” ብሎ በዶርም የሚያለቅስ ልጅ አለ። ሕክምና አስቦ እዚህ የተገኘም አለ።

እስቲ አመዳደቡን እንመልከት። በውጭ አገር እንደሚደረገው ለመንግሥት ዩኒቨርሲቲ “ለምን ይህን ሙያ መረጥኩ” ብላችሁ ደብዳቤ አትጽፉም። የ12ኛ ክፍል ፈተና ትወስዳላችሁ፣ ዩኒቨርሲቲ በምርጫ ትሞላላችሁ፣ ትመደባላችሁ። ፍሬሽማን ኮርሶችን ከሌላው ተማሪ ጋር አብራችሁ ትማራላችሁ። ከዚያ ዲፓርትመንት ትሞላላችሁ። የሚወስነው በዋናነት የፍሬሽማን ጂፒኤ፣ የምርጫችሁ ቅደም ተከተልና ዲፓርትመንቱ ያለው ቦታ ነው። የመግቢያ ፈተና ውጤትን የሚደምሩም አሉ። ስለዚህ የናንተ ማመልከቻ ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የሚያዘው የፍሬሽማን ጂፒኤ ነው ማለት ይቻላል። ይህንን ሚድ ካለፈ በኋላ የሚያውቀው ብዙ ነው።

“የወደቁ ልጆች መጣያ” የሚለው ወሬ ደግሞ ጊዜው አልፎበታል። የ12ኛ ክፍል ፈተና በየዩኒቨርሲቲው መሰጠት ሲጀምር፣ በ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች ፈተና፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ከፍ ቢልም አሁንም ትንሽ ነው። ዛሬ በቀጥታ የገባ ልጅ ጠባብ ወንፊት አልፎ ነው የመጣው። በሪሚዲያል (በማካካሻ ትምህርት) የገባውም ሌላ ፈተና አልፏል። እንዲያውም አሁን የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው። ተማሪ ያጡ ዲፓርትመንቶች አሉ። በብሮሹር ላይ ያለ ሁሉ በዚያ ዓመት ይከፈታል ማለት አይደለም። ከመሙላታችሁ በፊት የዲፓርትመንቱ ቢሮ ድረስ ሄዳችሁ “ዘንድሮ ትቀበላላችሁ?” ብላችሁ ጠይቁ። ሁለት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

“ደህና ኢኮኖሚስት አያወጣም” ለሚል ደግሞ አንድ ስም ልጥቀስ። የቺካጎው ቴዎዶር ሹልትዝ የግብርና ኢኮኖሚስት ነበሩ። ድሃ ገበሬ ሰነፍ ወይም ኋላቀር ሳይሆን ባለው ነገር አስልቶ የሚሠራ ሰው ነው ብለው ተከራከሩ። በ1979 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ወሰዱ።

“ሶሻል ተማሪ ነኝ፣ ኢኮኖሚክስ ስለሆነ እገባለሁ”

ተጠንቀቁ። ዲፓርትመንቱ በብዛት ያለው በግብርና ኮሌጅ ሥር ነው፤ የሚወስደውም ባብዛኛው የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪዎችን ነው። የሶሻል ተማሪ ኢኮኖሚክስ ተምሮ በማስተርስ ወደ ግብርናው መዞር ይችላል። ብዙዎች አድርገውታል።

“ሐሮማያ ካልሆነ ዋጋ የለውም”

የሐሮማያ ስም ከመሬት አልተነሣም። የዛሬው ሐሮማያ የድሮው ዓለማያ እርሻ ኮሌጅ ነው፤ ከአሜሪካው ኦክላሆማ ስቴት ጋር በተደረገ ስምምነት በ1940ዎቹ ዓ.ም. ተጀምሮ ለረጅም ጊዜ የአገሪቱ የግብርና ምሁራን መፍለቂያ ሆኖ ኖሯል። ማስተርስና ዶክትሬት ድረስ ያስተምራል። የቀድሞ ተማሪዎቹ በየመሥሪያ ቤቱ አሉ፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ሆኖም ጅማ፣ ሐዋሳ፣ ባሕር ዳር፣ መቀሌ፣ አምቦና ሌሎችም ያስተምራሉ። የመውጫ ፈተናው ለሁሉም አንድ ነው። አካባቢውም ራሱ ትምህርት ነው። ጅማ የሚማር ልጅ ቡና በቅርቡ አለ። ሐዋሳ ያለው ስለ እንሰት ሊጽፍ ይችላል። ከዩኒቨርሲቲው ስም ይልቅ እኔ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ ኢኮኖሜትሪክስ የሚያስተምረው ማነው? ኮምፒውተር ላብ በእርግጥ ይሠራል ወይስ በሩ ተቆልፎ ነው የሚውለው?

“ሥራው ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ብቻ ነው”

ይህ በአንድ ወገን ስህተት ነው። “አገሪቱ የግብርና አገር ስለሆነች ሥራ ሞልቷል” የሚለውም በሌላ ወገን ስህተት ነው። ግብርና ከአገሪቱ ምርት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ይይዛል፤ ቡናም ከውጭ ምንዛሪ ዋና ዋና ምንጮቻችን አንዱ ነው። ይህ ግን ለተመራቂ ሁሉ ወንበር አለ ማለት አይደለም። ሥራ ፍለጋው ያደክማል። ልንዋሽ አንችልም።

ሰሌዳ ላይም ሆነ ቴሌግራም ላይ የሚወጣ የሥራ ማስታወቂያ ስታዩ “ተፈላጊ ችሎታ” ከምትለው መስመር ጀምሩ። “በኢኮኖሚክስ፣ በአግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስ፣ በአግሪቢዝነስ ወይም በተመሳሳይ የትምህርት መስክ” የሚል ብዙ ጊዜ ታገኛላችሁ። መደቦቹ ይለያያሉ፤ የብድር ኦፊሰር፣ የክትትልና ግምገማ ባለሙያ፣ የገበያ ጥናት ባለሙያ፣ የፕሮጀክት ኦፊሰር። ባንኮችና ማይክሮፋይናንሶች፣ የኅብረት ሥራ ዩኒየኖች፣ ቡናና ቅባት እህል ላኪዎች፣ የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት፣ የግብርና ምርምር ማዕከላት፣ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኢንስቲትዩት፣ መንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች እንዲህ ዓይነት ሰው ይፈልጋሉ። አዲስ አበባ ውስጥ እንደ ኢፍፕሪና ኢልሪ ያሉ ዓለም አቀፍ የምርምር ተቋማትም አሉ። እዚያ ለመግባት ግን አብዛኛውን ጊዜ ማስተርስ ያስፈልጋል።

ብዙዎች የሚንቁት መግቢያ በር መረጃ ሰብሳቢነት ነው። ታብሌት ይዞ ገጠር ለገጠር መዞር፣ ጸሐይና ጭቃ፣ ክፍያው በቀን። እኔ ግን አንድ ሴሚስተር ክፍል ከመቀመጥ የማይተናነስ ትምህርት ነው ባይ ነኝ። ቅጹ “ስንት ሄክታር?” ይላል። ገበሬው “ሦስት ጥማድ” ይላል። ጥማድ ሩብ ሄክታር ያህል ነው ተብሎ ይሰላል፤ ግን ከቦታ ቦታ ይለያያል፣ የመሬቱ ጠጠርነትና የበሬው ጉልበትም ይወስነዋል። “ስንት ኩንታል አገኘህ?” ትሉታላችሁ። እሱ በማዳበሪያ ጆንያ ይቆጥራል። “ለጉልበት ስንት ከፈልክ?” ትሉታላችሁ። “ልጆቼ ናቸው ያጨዱት፣ ምን ብዬ እከፍላለሁ?” ይላችኋል። የልጆቹ ጉልበት በሒሳቡ ዜሮ ከሆነ እርሻው አትራፊ ይመስላል፤ በቀን ሠራተኛ ዋጋ ከተሰላ ኪሳራ ሊሆን ይችላል። ይህንን ሜዳ ላይ ያየ ልጅ ቃለ መጠይቅ ላይ የሚናገረው አያጣም።

“ለውጭ ማስተርስ ጂፒኤ 3.8 ካልሆነ አይሞከርም”

ከፍ ያለ ጂፒኤ ይረዳል፤ ብቻውን ግን አይወስንም። ለምሳሌ የጀርመኑ የአካዳሚክ ልውውጥ ድርጅት ዳድ (DAAD) ከታዳጊ አገሮች ለሚመጡ ባለሙያዎች በሚሰጠው ነፃ የትምህርት ዕድል የሁለት ዓመት የሥራ ልምድ ይጠይቃል። ዲግሪውም በመደበኛው ከስድስት ዓመት በላይ ያልቆየ መሆን አለበት። ስለዚህ ወረዳ ላይ ያሳለፋችሁት ሁለት ዓመት እዚህ ጋ ዋጋ ያወጣል። ሽቱትጋርት ውስጥ ያለው የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ አግሪካልቸራል ኢኮኖሚክስን በእንግሊዝኛ በማስተርስ ያስተምራል።

ዓላማችሁን የሚገልጸውን ደብዳቤ የምትጽፉት እንግዲህ እዚህ ላይ ነው። “ግብርና የኢትዮጵያ ኢኮኖሚ የጀርባ አጥንት ነው” ብላችሁ አትጀምሩ። ከኢትዮጵያ የሚመጣ ደብዳቤ ግማሹ እንደዚያ ነው የሚጀምረው። ያያችሁትን አንድ የገበያ ችግር ጻፉ፤ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው እህል፣ ምን ለማጥናት እንደምትፈልጉ። በኮሚሽን “አስገባችኋለሁ” ለሚል ደላላ ብር አትክፈሉ፤ ማመልከቻው ኦንላይን ነው፣ ራሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

ወረቀቱን ደግሞ ቀድማችሁ ያዙ። ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ከሬጅስትራር ለማስላክ ጊዜ ይወስዳል፤ የኮስት ሼሪንግ (የትምህርት ወጪ መጋራት) ጉዳይ ያልተዘጋ ከሆነ ደግሞ እዚያው ትቆማላችሁ። ማመልከቻው ሊዘጋ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሬጅስትራር በር ላይ የሚሰለፍ ሰው አይጠፋም። ወረፋው ደግሞ ረጅም ነው።