አይከን ስለማተለቅ የሚነገረውና እውነታው

ፎልደሮቻችንንና ፋይሎቻችንን የምናስስበት መስኮት ፋይል ማኔጀር ይባላል፤ በዊንዶውስ ኤክስፕሎረር፣ በማክ ፋይንደር፣ በሊኑክስ ደግሞ ኖቲለስ፣ ዶልፊን ወይም ቱናር ሊሆን ይችላል። በውስጡ ያሉት አይከኖች ይተልቁ ሲባል ነገሩን ከሚገባው በላይ የሚያቀሉ አሉ፤ ያለ ምክንያት የሚፈሩትም አይጠፉም።

«የመጠኑን ቁጥር ከ48 ወደ 256 መቀየር ነው፤ ሌላ ምን ሥራ አለው?»

ይህን የሚል ሰው አይከን ሥዕል መሆኑን ዘንግቷል። በ48 በ48 ፒክስል (ምስሉ በተሠራባቸው ነጥቦች) የተሣለ ምስል ወደ 256 በ256 ሲለጠጥ እያንዳንዷ ነጥብ የ28 ነጥቦችን ቦታ መሸፈን ይጠበቅባታል። ኮምፒውተሩ ያልተሣለውን ዝርዝር ከየት ያመጣል? ያለውን ያደበዝዛል እንጂ። ትልቁ መጠን እንዲያምር ትልቁ ሥዕል አስቀድሞ መኖር አለበት።

እ.ኤ.አ. በ2001 በወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የተለመደው ትልቁ አይከን 48 ፒክስል ነበር። 256 ለተጠቃሚው የደረሰው በ2007 ከቪስታ ጋር ነው። የዊንዶውስ አይከን ፋይል የምስሉን ወርድ የሚመዘግበው በአንድ ባይት ብቻ ሲሆን፣ አንድ ባይት ደግሞ ከ0 እስከ 255 እንጂ 256ን አይዝም። መላው ምን ሆነ? ወርዱ 0 ተብሎ ከተጻፈ 256 ተብሎ ይነበባል! ወርዱ ዜሮ የሆነ ሥዕል ስለሌለ ቁጥሩ ሥራ ፈት ነበር። እንዲህ ያለ ቁጠባ እኔን ደስ ይለኛል። ያም ሆኖ አንዱ ምስል ሳይታመቅ 256 ኪሎባይት ስለሚወስድ፣ ፒኤንጂ በተባለው የምስል ማመቂያ ዘዴ ታምቆ በአይከኑ ፋይል ውስጥ እንዲቀመጥ ተደረገ።

«ኤስቪጂ ከተጠቀምን ችግሩ አለቀ።»

ግማሹ እውነት ነው። ኤስቪጂ ምስሉን የሚይዘው በመስመርና በቅርጽ ስሌት ስለሆነ ሲተልቅ አይደበዝዝም። ነገር ግን ለ16 ፒክስል ተመጥኖ የተሣለ ፎልደር በ256 ባዶነቱ ይጋለጣል፤ ለ256 የተዋበው ደግሞ በ16 ምንነቱ አይለይም። ጠንቃቃ ሠዓሊ ሁለቱን ለየብቻ ይሥላል። ፎቶና ቪዲዮ ደግሞ ከነጭራሹ ኤስቪጂ አይደሉም።

«ትልልቅ አይከን ኮምፒውተሩን ያንቀራፍፋል።»

አይከኑ ተለቀ እንጂ ስክሪኑ አልሰፋም። 1920 በ1080 የሆነ ስክሪን ዳር እስከ ዳር በምስል ቢሸፈን 8 ሜጋባይት ገደማ ነው፤ በትንንሾችም ይሸፈን በትልልቆች ልዩነት የለውም። አይከኑ ባደገ ቁጥር በአንድ ጊዜ የሚታየው ብዛት ይቀንሳል።

የሚያዘገየው የፎቶዎችን ቅድመ ዕይታ፣ ማለትም በአይከን ፋንታ የሚታየውን የፎቶውን ትንሽ ምስል፣ ማዘጋጀት ነው። ባለ 12 ሜጋፒክስል ፎቶ ከዲስክ ተነብቦ፣ ተፈትቶ፣ ከዚያ ማነስ አለበት። ውጤቱ ለሌላ ጊዜ ስለሚቀመጥም ነው መጀመሪያ ሲከፈት የተንፏቀቀው ፎልደር በሁለተኛው ቶሎ የሚመጣው። የሊኑክስ ዴስክቶፖች የጋራ ደንብ ለዚህ ማስቀመጫ የፈቀደው ለረጅም ጊዜ 128 እና 256 ፒክስልን ብቻ ነበር፤ 512 እና 1024 የተጨመሩት በኋላ ነው። የተቀመጠው 256 ብቻ ሆኖ 512 አሳይ የተባለ ፋይል ማኔጀር ወይ የደበዘዘ ያሳያል፣ ወይ ፎቶውን እንደገና ይከፍታል።

«የሚያስፈልገው ዓይኑ ለደከመ ሰው ብቻ ነው።»

እስቲ የሠርግ ፎቶ አንሺን ጠይቁ። ካሜራው ፋይሎቹን በተከታታይ ቁጥር ይሰይማቸዋል፤ ሙሽራዋ ዓይኗን የጨፈነችበትን ለይቶ ለማውጣት ስሙ አይረዳም፣ 48 ፒክስልም አይበቃም።

ዓይኑ ለደከመ ሰው ደግሞ አይከን ማተለቅ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። በዊንዶውስ የኮንትሮል ቁልፍን ተጭነው የማውሱን ጎማ ቢያሽከረክሩ አይከኑ ያድጋል፤ የፋይሉ ስም ግን ባለበት ይቀራል። በእኛ ፊደል ይህ ይብሳል፤ «ለ»ን ከ«ሉ»፣ «በ»ን ከ«ቡ» የምትለያቸው አንዲት አጭር ጭረት ናትና። የጽሑፉ መጠን ለብቻው፣ ከኮምፒውተሩ ማስተካከያ ገጽ መጨመር አለበት።

«አዲሱ ስክሪኔ 4ኬ ስለሆነ አይከኖቹን ላተልቃቸው።»

4ኬ ስክሪን ብዙ ፒክስል ስለሚያጭቅ ሁሉም ነገር አንሶ ይታያል፤ ስለዚህ እዚህ መነካት ያለበት የአይከኑ መጠን ሳይሆን ሁሉንም አብሮ የሚያሳድገው የስክሪኑ ማጉሊያ ነው። ማጉሊያው 200 በመቶ ሲሆን ባለ 48 አይከን በ96 ፒክስል ይሣላል፤ ጽሑፉም አብሮት ያድጋል። ሠዓሊው ግን እጥፍ ሥዕል ማቅረብ ይኖርበታል፤ በማክ የ512 አይከን የ1024 ፒክስል ጓደኛ ያስፈለገው በዚህ ምክንያት ነው።