የገፈርሳ ወፎች በክረምት

ወፍ ለማየት ክረምት አይሆንም ሲባል ስንቴ ሰምቻለሁ። ዝናብ ነው፣ ጭቃ ነው፣ ጉም ነው። አስጎብኚዎችም እንግዳ የሚያመጡት ባብዛኛው ከጥቅምት በኋላ ነው፤ ከአውሮፓና ከእስያ ብርድ ሸሽተው የሚመጡት ዳክዬዎችና ሌሎች የውሃ ወፎች ያን ጊዜ እዚህ ናቸውና። የውሃ ወፍ ቆጠራውም በጥር ነው። ክረምቱ ግን ጠያቂ የለውም። ለእኔ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ጊዜ የራሳችን ወፎች ወቅት ነው። ይህን ለማየት ደግሞ ከአዲስ አበባ ብዙ ሳይርቁ ገፈርሳ አለ።

ገፈርሳ ሰው ሠራሽ ሐይቅ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ቡራዩን ተሻግሮ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ከተማዋን ውሃ ከሚያጠጡት ቆየት ያሉ ግድቦች አንዱ ነው። ከፍታው 2,600 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። ዙሪያው ሣር ሜዳ፣ ረግረግና ባህር ዛፍ ነው። ሜዳው ላይ ከብቶች ይግጣሉ፣ ከኋላቸው ነጫጭ ሳቢሳዎች ይከተላሉ።

ብዙ ሰው ወደዚህ የሚሄደው ለአንዲት ዝዪ ብሎ ነው፣ ሰማያዊ ክንፍ ላላት። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ በዱር የትም የለችም፣ በወገኗም ብቸኛ ናት። ቆማ ስታዩዋት ግራጫና ቡናማ ነች፤ ይቺ ናት እንዴ? ትላላችሁ። ሣሩ ላይ ዝግ ብላ ትራመዳለች፣ አንገቷን ወደ ኋላ ጀርባዋ ላይ ጣል አድርጋ። ክንፏን ስትዘረጋ ነው ያ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ብልጭ የሚለው። ላባዋ ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ለደጋ ብርድ የተሠራ። በዝናቡ ወራት ከከፍተኛው ቦታ ወረድ ብለው በመንጋ የመሰብሰብ ልማድ ስላላቸው፣ ሐምሌና ነሐሴ ላይ አንድ ሁለት ሳይሆን ብዙ ሆነው የማግኘት ዕድል አለ።

ጋጋኖ ግን ፈልጉኝ አትልም። ገና ከመኪና ሳትወርዱ ጩኸቷ ይቀበላችኋል። ረዥም ቆልማማ መንቁር አላት፣ ጉሮሮዋ ሥር ደግሞ ትንሽ ሥጋ ተንጠልጥሏል። መንቁሯን እርጥብ መሬት ውስጥ እየሰካች ትልና ነፍሳት ትለቅማለች። ዝናብ መሬቱን ሲያለሰልስላት ሥራዋ ይቀላል። ረግረጉ ዳር ደግሞ የጫጩት አረማመድ ያላት ቡናማ ወፍ ከሣር ውስጥ ብቅ ትላለች፤ ጭራዋን ሽቅብ በነቀነቀች ቁጥር ከሥሩ ነጩ ይታያል። ሁለቱም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ አይገኙም። ይህችኛዋ ሰው ብዙም አትፈራም። አንድ ሐምሌ ጠዋት ዝም ብዬ ቁጭ ባልኩበት እስከ ጫማዬ አጠገብ መጥታ ትል ጎትታ ሄደች። የዚያን ቀን ሌላ ምንም ባላይ ግድ አልነበረኝም።

አሁን ወደ መስቀል ወፍ ልምጣ፣ ክረምትን እንድወድ ያደረገኝ እሱ ነውና። ከሰው የጠፋን ሰው «እንደ መስቀል ወፍ» እንለዋለን፣ በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ለማለት። በየአካባቢው በዚህ ስም የሚጠሩት ወፎች ይለያያሉ። ገፈርሳ አካባቢ ሣሩ ላይ የምታዩት አንዱ ጥቁር ሆኖ ትከሻውና ወገቡ ቢጫ የሆነው ነው፤ ሌላው ጥቁር ሆኖ አንገቱ ላይ ቀይ ያለበት፣ ረዥም ጭራ የሚጎትተው። እነዚህ ከሩቅ አገር አይመጡም። ዓመቱን ሙሉ እዚሁ ናቸው። በበጋ ወንዱም እንደ ሴቷ ቡናማ ስለሚሆን ድንቢጥ መስሎን እናልፈዋለን። ዝናቡ ሲገባ፣ ሣሩ ሲያድግ፣ ላባውን ይቀይርና ሴት ለመጥራት ከሣሩ በላይ ይበራል። ስለዚህ እስከ መስከረም መጠበቅ አያስፈልግም፣ ነሐሴ ላይ ሂዱ፣ ልብሱን ለብሶ ታገኙታላችሁ።

ክረምት የሚነሳችሁ ነገርም አለ። ውሃው ሞልቶ ዳር ዳሩን ሲሸፍን፣ ጭቃ ላይ የሚለቅሙ እግረ ረዣዥም ወፎች ቦታ ያጣሉ። በአዋሽ ወንዝ ላይ ያለው የቆቃ ሐይቅም እንዲሁ ነው፤ አዋሽ ደለሉን ይዞ ይገባል፣ ውሃው ይደፈርሳል። እዚያ ለመሄድ በጋው ይሻላል።

መውጣት ያለባችሁ በጠዋት ነው፣ 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ብትደርሱ ጥሩ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አይቀርም። ቦቲ ጫማ አድርጉ። ጃንጥላ ሲዘረጋ ወፍ ያስደነግጣል፣ የዝናብ ጃኬት ይሻላል። ለስልካችሁ ፌስታል ያዙ። ውሃው የመጠጥ ውሃ ስለሆነ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ጥበቃዎቹን አስፈቅዱ። እረኞቹን ሰላም በሉ፣ ወፎቹ የት እንደሚውሉ ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ጎጆ ካሳዩዋችሁ ግን ከሩቅ አይታችሁ ተመለሱ። ብዙዎቹ የሚፈለፍሉት በዚሁ ወቅት ነው፣ እናቲቱ ከተነሳች እንቁላሉ በዚያ ብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል።

ከመስቀል በኋላ ሰማዩ ይጠራል፣ ጭራቸውን የሚያወዛውዙ ቢጫ ወፎች ከአውሮፓ ደርሰው በከብቶቹ እግር ሥር ይሯሯጣሉ። የእኛው ጥቁር ወፍም ከዚያ በኋላ ጥቁሩን ያወልቃል። ትከሻውና ወገቡ ላይ ያለችው ቢጫ ብቻ ትቀርለታለች።